ሂት ጋን ለፎርማ ነው፣ ለቀለጠ እርሳስ አይደለም

እርሳስ ቤታችሁ ለምታቀልጡ ሁሉ ነው የምጽፈው። ሂት ጋን፣ ያ ትኩስ አየር የሚነፋው የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ የእርሳስ ማቅለጫ አይደለም። ፎርማ፣ ማለትም የቀለጠው የሚፈስበትን ቅርጽ ማውጫ፣ ማሞቂያና ማድረቂያ ነው። የቀለጠ እርሳስ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከላዩ በሚሰፍረው አመድ ላይ ነፋሱን አትልቀቁበት።

ይህን ያነሳሁት ግልገል ጊቤ ሐይቅ ላይ የሚያጠምዱ የጅማ ልጆች የመረብ እርሳስ፣ መረቡን ወደ ታች የሚያሰምጠውን ክብደት፣ ራሳቸው መሥራት ስለጀመሩ ነው። መሥራታቸውን አልጠላሁም። ተሠርቶ የሚሸጠው ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ሰው ምን ያድርግ? ከጎሚስታ ቤት አሮጌ የባላንስ እርሳስ፣ የመኪና ጎማ ሚዛን የሚስተካከልበትን ክብደት፣ ይለቅማሉ፣ ያቀልጣሉ፣ ፎርማ ውስጥ ያፈሳሉ። ችግሩ ከሰል ተወደደ፣ ጭሱም በዛ ብለው ወደ ሂት ጋን መዞራቸው ነው። ሞባይል ጠጋኙም ቀለም ቀቢውም ጋር ስላለ በቀላሉ ይዋሱታል። ከዚያ በር ዘግተው፣ አንዳንዴም ሕፃን ባለበት ክፍል፣ ጣሳ ላይ ይነፉበታል።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ሂት ጋኑ እስከ 600 ዲግሪ ይሄዳል። ስለዚህ ያቀልጣል ትላላችሁ። እሺ፣ ያቅልጥ። ጉዳቱ ያለው ነፋሱ ላይ ነው። እርሳስ ሲቀልጥ ከላዩ ግራጫና ቢጫ አመድ ይይዛል። ያ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ። በጭልፋ ቀስ ብሎ ሲገፈፍ ብዙም አይነሳም። ነፋስ ሲመታው ግን ምንጣፉ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ የእንጀራ መሶቡ ላይ ይሰፍራል። ያየው የለም፣ የሸተተው የለም። ልጅ እጁን መሬት ላይ አድርጎ ወደ አፉ ሲወስድ ያኔ ገባ ማለት ነው።

እኔ በያጅ ነኝ፤ ከብረት ጋር ስውል ነው የኖርኩት። የምታውቁትን ጻፉ።

(ክሩ፣ ማለትም የውይይቱ መልሶች ሰንሰለት፣ ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው የተመለሰውን ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ መልሶቹን በራሴ አነጋገር፣ ከተራ ቁጥራቸው ጋር፣ እዚሁ ከሥር ሰብስቤያቸዋለሁ። ያሳጠርኩትም ያስረዘምኩትም አለ።)

1ኛው መልስ የመጣው ሁላችንም ጋሼ ከምንላቸው አዛውንት አጥማጅ ነው። አመስግነውና መርቀው ጀመሩ። ግድቡ ውሃ ከያዘ ወዲህ እዚያው ሐይቅ ላይ መረብ ሲተክሉ እንደኖሩ ጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጠቀሙት ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ግን መረቡን ይጠላልፈዋል፣ የሚታሰርበትም ገመድ ቶሎ ይበላል። እርሳስ የወደዱት ትንሽ ሆኖ ስለሚከብድና የመረቡን የታች ገመድ ጥብቅ አድርጎ ስለሚይዝ ነው። ሲያቀልጡ ግን ሁልጊዜ ሜዳ ላይ፣ በከሰል፣ ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው ነው። ቤት ውስጥ በሂት ጋን ማቅለጥ የሚባለውን ገና መስማታቸው እንደሆነ ተናገሩ።

2ኛውን የጻፈው የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የኪቶ ፉርዲሳው ቴክኖሎጂ ግቢ ተማሪ ነው። ሒሳቡን አወጣው። አንድ ኪሎ እርሳስ ከክፍል ሙቀት ተነስቶ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ የሚፈልገው 62 ኪሎ ጁል ገደማ ብቻ ነው። 2000 ዋት የሆነ ሂት ጋን ይህን በወረቀት ላይ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል። መሬት ላይ ሲወርድ ግን እንደዚያ አይሆንም፣ ምክንያቱም ሙቀቱን የተሸከመው አየር ነው። አየሩ ጣሳውን ነካ አድርጎ አብዛኛውን ሙቀቱን ይዞ ያልፋል። 600 የሚለው ቁጥርም የአፉ ሙቀት ነው። ከአፉ ትንሽ ሲርቅ በፍጥነት ይወርዳል። ሰው ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ያስጠጋዋል። ሲያስጠጋው ደግሞ ነፋሱ ይበረታል።

3ኛው አልተስማማም። ጅማ መርካቶ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው። የተማሪው ነገር የመጽሐፍ ወሬ ነው አለ። እሱ ጣሳውን በጡብ ከቦ፣ ከላይ በቆርቆሮ ከድኖ፣ ሂት ጋኑን በአንድ ቀዳዳ አስገብቶ ግማሽ ኪሎ አቅልጧል። ጭስ የለም፣ ጥላሸት የለም፣ የታመመም የለም።

ተማሪው 4ኛው ላይ ተመልሶ መጣ። በጡብ መከለሉ ሙቀቱን እንደሚይዘውና ለዚህም እንደሠራለት አመነ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። በቀዳዳው የገባው አየር በየት ወጣ? ሲወጣስ ምን ይዞ ወጣ? 3ኛው ለጊዜው ዝም አለ።

5ኛው መልስ ረጅም ነው። ባለቤቱ አጂፕ አካባቢ የሚሠራ ጎሚስታ ነው፤ እኔ ብዙ የተማርኩት ከሱ ነው። ሰው ሁሉ የባላንስ ክብደት ሲያይ እርሳስ ይመስለዋል አለ። የድሮው አዎ፣ እርሳስ ነው። አሁን ከሚመጣው መሐል ግን ከዚንክና ከብረት የተሠራም አለበት። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለመኪና ጎማ የእርሳስ ባላንስ ስለተከለከለ ከዚያ በሚመጣው መኪና ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ዚንክ ነው። ዚንክ የሚቀልጠው በ419 ዲግሪ ነው። ሙቀቱን ከ400 በታች ካቆዩት ዚንኩ ሳይቀልጥ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በጭልፋ ይወጣል። ሙቀቱ ካለፈ ግን ይቀልጥና ከእርሳሱ ጋር ይደባለቃል። ያኔ እንደ ገንፎ ይረጋል፣ ፎርማውን አይሞላም፣ የፈሰሰውም ይሰባበራል።

መለያውንም ነገረን። በምስማር ሲጭሩት እርሳስ በቀላሉ ይጫራል፣ ዚንክ ግን እምቢ ይላል። ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ እርሳስ ድፍን ድምፅ አለው፣ ዚንክ ይጮኻል። አንዳንዱ ላይ ዜድ ኤን የሚል ፊደል፣ የዚንክ ምልክት፣ ተቀርጿል። ሳይለዩ ጣሳ ውስጥ መክተት ጊዜ ማባከን ነው። ሂት ጋን ደግሞ ስንት ላይ እንደደረሰ አይነግርህም፣ አንዱን ጥግ 300 ሌላውን ጥግ 450 ያደርገዋል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በሂት ጋን ዚንክ መለየት አይችልም ብሎ ደመደመ።

6ኛው እርማት ነው። ያው ተማሪ በጨዋ ቋንቋ፣ የባላንስ እርሳስ ንጹሕ ስላልሆነ 327 የሚለው ለሱ በትክክል እንደማይሠራ ጻፈ። አንቲሞኒ የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ስለተጨመረበት ከ252 ዲግሪ ጀምሮ ይላላል፣ በመሐል ለጥ ያለ ጭቃ ይመስላል፣ ከዚያ ነው የሚፈሰው። ጭቃ ሲመስል ያልቀለጠ ዚንክ እንዳይመስላችሁ ለማለት ነው። ጎሚስታው አመሰገነው።

7ኛው ሰው ርዕሱን ወደ ሌላ ወሰደው። ውጭ አገር ሰዎች ቤታቸው ጥይት እንደሚያፈሱ አይቻለሁ፣ እዚህስ? ብሎ ጠየቀ። 8ኛው ወዲያው ቆረጠው። እዚህ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው፣ ይህ ክርም ስለ ዓሣ መረብ ነው አለ። ቁጣ ነበረበት፤ እኔም ልክ ነው እላለሁ።

ቢሆንም 9ኛው የጻፈው ለኛም የሚጠቅም ነበር። ጅማ ተወልዶ አሁን አሜሪካ የሚኖር ሰው ነው። እዚያ ጥይት በቤቱ የሚያፈስ ጎረቤት አለው። ሕጉ ይፈቅድለታል። ሰውየው የሚያቀልጠው ሙቀቱ በሚስተካከል የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ቴርሞሜትሩ ሁልጊዜ ውስጡ ነው። በሩ የተከፈተ ጋራዥ ውስጥ ወይም ውጭ ይሠራል። ሂት ጋንም አለው፣ ግን ለሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ፎርማውንና ጭልፋውን ቀድሞ ማሞቅ ነው። ሁለተኛው ድስቱ ከሥሩ የሚያፈስበት ቀዳዳ በረጋ እርሳስ ሲደፈን ከታች በኩል እሱን ማላላት ነው። የቀለጠው እርሳስ ፊት ላይ አይነፋበትም። አመዱን የሚለየው ሰም ወይም ደረቅ ሰጋቱራ ጨምሮ በማማሰል ነው፤ ሰሙ ነበልባል ስለሚያነሳ ፊቱን ያርቃል።

እንግዲህ ከጅማ ርቆ ያለው ሰው የሚያደርገውና እኔ ከላይ የጻፍኩት አንድ ሆኖ ተገኘ። ፎርማ ማሞቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማያውቅ፦ ቀዝቃዛ ፎርማ ውስጥ የፈሰሰ እርሳስ ገና ሳይሞላ ይረጋል፣ ቆዳው የተጨማደደ ይሆናል፣ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳም ይደፈናል። የሞቀ ፎርማ ግን እስከ ጥጉ ይሞላል። ሌላው እርጥበት ነው፤ ለምን እንደሚፈራ 11ኛው ላይ ይመጣል።

እርጥበትን ያነሳችው 10ኛዋ መላሽ ናት። ሸክላ የምትሠራ እናት ያላት ልጅ ናት። ሂት ጋን የአሉሚኒየምና የብረት ፎርማ ያደርቃል፣ የሸክላን ግን እንዳታምኑት አለች። ሸክላ ከላይ ሲነፋበት ደርቆ ይነጣል፣ ውስጡ ግን ውሃ እንደያዘ ነው። ጄሶም እንደዚያው። ይልቁንም የጅማ ክረምት፣ ግድግዳው ራሱ ላብ በሚያወጣበት ወር፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የከረመ ሸክላ ውሃ ጠጥቷል። እሱን ከምድጃ ዳር አስቀምጦ ቀስ በቀስ ለሰዓታት ማሞቅ ነው እንጂ በሂት ጋን አይሆንም። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ሸክላ አላነሳሁም ነበር። የጎደለውን ሞላችው።

ጎሚስታው 11ኛው ላይ ተመልሶ አንድ ነገር አጫወተን። ከሱ ጋር የሚሠራ ልጅ ዝናብ ላይ ያደረ የባላንስ እርሳስ አንስቶ በቀለጠው ላይ ጣለው። እንደ ተኩስ ጮኸ አለ። የጣሳው እርሳስ ጣሪያው ላይ ተለጠፈ። ልጁ መነጽር አድርጎ ስለነበር ዓይኑ ተረፈ፣ አንገቱ ግን ተቃጥሎ ነበር። ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሲሆን ከ1600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ እርሳሱ ሥር ከገባ መውጫው ወደ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ደንባቸው አንድ ሆነ። የሚቀልጠው ሁሉ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ጣሳው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ነው እሳት የሚነሳው። በቀለጠ ላይ የሚጨመር ካለ ቀድሞ በሂት ጋን ይደርቃል፣ ይሞቃል። ጭልፋውም እንደዚያው። ሸበጥ አድርጎ መሥራትም የለም።

እስከዚህ ክሩ በሰላም ሄደ። 12ኛው መልስ ነው ያጋለው።

12ኛው፣ ለባላንስ እርሳስ ምን አስጨነቃችሁ አለ። እሱ የሚሠራው ከሞተ የመኪና ባትሪ ነው። በመጥረቢያ ይፈለጣል፣ አሲዱ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ፕሌቱ፣ ውስጡ ያለው የእርሳስ ሰሌዳ፣ ወጥቶ ይቀልጣል። ከጨረሰ በኋላ ወተት ስለሚጠጣም ምንም አይሆንም።

13ኛዋ መልሷን በወንድሜ ጀምራ በስድብ ጨረሰችው። ቤቷ ከአዌቱ ዳር ነው። ያ ቦይ የት እንደሚገባ ታውቃለህ ወይ ስትል ጠየቀችው። ልጆች የሚታጠቡበት፣ ሰው አትክልት የሚያጠጣበት ወንዝ ነው። 14ኛው ደግሞ የባሰ ቃል ተጠቀመ፤ እዚህ አልደግመውም። 12ኛውም አልተኛም፣ ሁለቱንም ሠርታችሁ አታውቁም፣ ጠግባችሁ ነው የምታወሩት አላቸው።

ዝምታ ያመጣው 15ኛው ነው። ሰርቦ አካባቢ ከብት የሚያረባ ሰው ነው። ማንንም አልሰደበም። ጎረቤቱ የተሰበረ ባትሪ አጥር ሥር ጥሎ ነበር። ጥጃቸው ላሰችው። ባትሪ ውስጥ ያለው ነገር ለከብት ይጥማል መሰለኝ አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጥጃዋ ማየት ተሳናት። ግንባሯን ግድግዳ ላይ ትደግፋለች፣ ዝም ብላ በአንድ በኩል ትዞራለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች። የእንስሳት ሐኪሙ ገና ሲያያት እርሳስ ነው አለ። አልተረፈችም። ሰውየው ሌላ ነገር አልጨመረም፣ በቤታችሁ ያለው ጥጃ ብቻ አይደለም ብሎ አቆመ።

16ኛዋ ነርስ ናት፣ ነገሩን በሥርዓት አስረዳች። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ከአዋቂው 4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ የበለጠ ይወስዳል። ደም ውስጥ የገባው ግማሽ ለመሆን አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፣ አጥንት ውስጥ የገባው ግን አሥርት ዓመታት ይቆያል። እርጉዝ ሴት ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ጽንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ወተት ያረክሰዋል የሚለው ስህተት ነው። ወተት ምግብ ነው፣ ጥሩ ምግብ፣ ማርከሻ ግን አይደለም። በተለመደው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ የሚተማመንም ካለ ለእርሳስ ጢስ አይበቃም።

ስለ ባትሪ ለብቻው ጻፈች። ሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ ቲያሮይ ሱር ሜር የሚባል ሰፈር ሰዎች አሮጌ ባትሪ እየፈለጡ እርሳሱን ይለቅሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። አፈሩ ውስጥ የነበረ ዱቄት ነው የገደላቸው።

ተማሪው 17ኛው ላይ ከኬሚስትሪው ጨመረበት። የባትሪ ፕሌት አብዛኛው እርሳስ ሰልፌትና ኦክሳይድ ነው። በጣሳ እሳት አይቀልጥም፣ አመድ ሆኖ ይቀራል። ማለትም ድካሙ ብዙ፣ የሚገኘው እርሳስ ትንሽ፣ ዱቄቱ ግን ከሁሉ የበዛ ነው። በውስጡ አርሰኒክና አንቲሞኒ ስላለ አመዱ እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ሂት ጋን የዚህ አመድ ላይ የነፋ ሰው ከማንም የከፋ ነገር አድርጓል።

12ኛው 18ኛው ላይ ተመለሰ፣ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል። ሥራ የለኝም፣ ልጅ አለኝ፣ ባትሪውን በነፃ ነው የማገኘው፣ ምን ልብላ? አለ። 19ኛው የመለሰለት 1ኛው አዛውንት ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። ባትሪውን ሳትሰብረው፣ አሲዱ ሳይደፋ፣ ሙሉውን ለሚገዙት ሽጠው፤ በገንዘቡ የባላንስ እርሳስ ግዛበት አሉት። ሳይፈለጥ የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣም ነገሩት። ከዚያ በኋላ ማንም አልተሳደበም። 13ኛዋም ይቅርታ ባትልም ሰላምታ ጻፈችለት።

ከ20 እስከ 23 ያሉት መልሶች ወደ መብራት ሄዱ። አንዱ ሂት ጋን ሲሰካ የማከፋፈያው ገመድ እንደቀለጠበት ጻፈ። ሌላው 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር እንደሚስብ፣ ቀጭን ገመድ ያንን እንደማይችል አስረዳው። ለግማሽ ሰዓት ከነፋ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጠረበት ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሰል ተወደደ የሚለው ሰው ቆጣሪውንም ይይ። ከዚያ ስለ መጥፋቱ ተነሳ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ጎናችን ሆኖ በጨለማ የምናመሸው ለምንድነው የሚል ብሶት ነው። ብሶቱ እውነት ነው፣ ለዚህ ክር ግን አይሆንም። አንድ የሚጠቅም ነገር ብቻ ወጣበት። ፎርማ እያሞቃችሁ መብራት ቢጠፋ ፎርማው በርዷልና እርሳሱን አታፍስሱበት።

24ኛው ሰው ቡና አነሳ። ጅማ ነው፣ ሳይነሳ አይቀርም ነበር። እሱ በሂት ጋን ቡና ይቆላል። ፍሬውን ድስት ውስጥ አድርጎ እያማሰለ ከላይ ይነፋበታል፣ ገለባው ራሱ ይበራል፣ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንጣጣል፣ እኩል ይቆላል። ለናሙና ጥሩ ነው አለ። ሁለት ሰው አመሰገነው፣ አንዱ እናቴ ብታይ ትቆጣለች አለ።

27ኛዋ ነርሷ ናት። እዚህ ላይ ተቆጣች፣ እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ሂት ጋኑ የማን ነው? ድስቱስ? ጭልፋውስ? የተዋሳችሁት ሂት ጋን ትናንት እርሳስ ላይ ሲነፋ ውሎ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ለእርሳስ የዋለ ዕቃ ለእርሳስ ብቻ ይሁን፣ ቀይ ቀለም ይቀባ፣ ወጥ ቤት አይግባ። ቡና የቆላው ሰው መጀመሪያ ተከፋ፣ ኋላ ሂት ጋኑን ለጎረቤት ያውስ እንደነበር ትዝ አለው። ከእንግዲህ አላውስም ብሎ ጻፈ።

28ኛው ቀለም ቀቢ ነው። ስለ እርሳስ የምታወሩት ባላንስ ላይ ብቻ ነው፣ የኛን ሥራ ረሳችሁት አለ። ሂት ጋን በዋናነት የተሠራው አሮጌ ቀለም ለመላጥ ነው። ፈረንጅ አራዳ ያሉት የድሮ ቤቶች በርና መስኮት ላይ ያለው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካኖች የእርሳስ ቀለም ሲላጥ ሂት ጋን ከ593 ዲግሪ እንዳይበልጥ በደንብ ወስነዋል፤ ከዚያ በላይ ጢሱ ይከፋል። ብዙ ቀለም ቀቢ ግን ቶሎ እንዲላጥለት እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነው የሚሠራው። ይህ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፣ ይከፈት ብዬዋለሁ።

29ኛው 3ኛው ነው፣ ያ ሞባይል ጠጋኝ። ዝም ብሎ ሲያነብ ቆይቷል። ያቀለጠበት ክፍል ምሽት ላይ ከሚስቱና ከልጁ ጋር የሚተኛበት እንደሆነ ጻፈ። ክርክር አላነሳም። እንዴት ላጽዳው? ልጄን የት ላስመርምር? ብቻ ነው ያለው።

30ኛው መልስ የነርሷ ነው፣ ከሁሉ በላይ ይህን አንብቡ። በመጥረጊያ እንዳትጠርገው አለችው፣ አቧራው ይነሳል። ወለሉን፣ መደርደሪያውን፣ የመስኮቱን ደፍ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጥረግ፣ ጨርቁ ይጣል፣ በሌላ ጨርቅ ይደገም። ምንጣፉ ይውጣ። የሠራበት ልብስ ከልጁ ልብስ ጋር አይታጠብ። እጅ ከመብላት በፊት በሳሙና ይታጠብ፣ የልጁ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። ምርመራው የደም ነው፣ በዓይን ታይቶ አይታወቅም። ሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ድካም፣ ራስ ምታት ካለ ይነገር፣ ግን ምልክት ሳይኖርም ልጅ ሊጎዳ ይችላል። ወደ ሆስፒታል ሲሄድ እርሳስ ቤት ውስጥ እንዳቀለጠ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገረው፣ ካልነገረው ሐኪሙ ወደዚያ ላያስብ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሕፃን ደም በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ከደረሰ ክትትል ይጀመራል፤ ያን ያህል ትንሽ ነው የሚፈራው።

31ኛው ጭራሽ እርሳሱን እንተወው የሚል ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ለዓሣ መንጠቆ የሚውለው ትንንሽ እርሳስ ተከልክሏል፤ የውሃ ወፎች እየዋጡት ስለሞቱ ነው። እኛስ ለምን የብረት ዳዶ አናስርም? አለ። 32ኛው ዳዶ ይዝጋል፣ መረብ ይበላል ብሎ ተቃወመ። 33ኛው፣ እሱም አጥማጅ ነው፣ ዳዶ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ሸፍኖ እንደሚያስርና እንደሠራለት ጻፈ። ተማሪው እርሳስ ከብረት 1.4 ጊዜ ያህል እንደሚከብድ፣ ስለዚህ ዳዶው በመጠን ያን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት አሳሰበ። አዛውንቱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ለሚያጠምድ መረብ ዳዶው እንደሚበቃ፣ ለጥልቁ ግን እርሳስ እንደሚመርጡ ተናገሩ። እኔ በዚህ ላይ ከ33ኛው ጋር ነኝ። ዳዶ የሚሠራለት ሰው ዳዶ ይሰር፤ አይቀልጥም፣ አይበንም።

እርሳስ ካልሆነ ለማይሆንለት 36ኛው ላይ ተስማምተናል። ጎሚስታው ከግቢው ጀርባ ክፍት ሜዳ አለው፣ ሕፃን አይገባበትም። ከሰል በምድጃ፣ ወፍራም የብረት ድስት፣ ቴርሞሜትር ከተማሪው። ሂት ጋኑን እኔ አመጣለሁ፣ ፎርማና ጭልፋ ለማሞቅ፣ ጥሬውን እርሳስ ለማድረቅ ብቻ። 12ኛውም እመጣለሁ ብሏል። ዝናብ ካለ አንሠራም። የምትመጡ ባላንሱን ቀድማችሁ በምስማር ለዩት፣ የተዘጋ ጫማና ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ የሚቀየር ልብስ ያዙ። ምግብም ሲጋራም ጫትም እዚያ አይገባም።

ትናንት ማታ የመጣው 37ኛው፣ ከላይ የተገፈፈው አመድ የት ይጣል ብሎ ጠየቀ። ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ፣ ደረቅ እንደሆነ፣ ላዩ ላይ እርሳስ ተብሎ ተጽፎበት ይቀመጣል። ቆሻሻ ገንዳ ላይ አይደፋም፣ ቦይ ውስጥም አይደፋም። ሲጠራቀም አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡት ይሰጣል። ጣሳው ጎሚስታው ጋር ነው።